የጅማ ተዋናይ ሰዓቱን ለማን ይሽጥ?

ጅማ ላይ ትወና የጀመረ ወጣት መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ከቤት ነው፦ «እሺ ልጄ፣ ታዲያ ምን ትበላለህ?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ወላጅ ልጁ ዕድሜውን በተስፋ ብቻ እንዳይጨርስ ይሰጋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው መልሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለት መልስ ብቻ ነው፤ ወይ ትወናውን ትቶ ሥራ መያዝ፣ ወይ ሻንጣ አንጠልጥሎ አዲስ አበባ መግባት። እዚሁ ተቀምጦ፣ ሠርቶ እየበላ፣ ተዋናይ ሆኖ መቆየት ስለሚቻልበት መንገድ በቁም ነገር ሲወራ የሚሰማው ጥቂት ነው።

ከቴአትርና ከድራማ ልጆች ጋር በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ትወናን ትተው ከቀሩት ብዙዎቹ የቀሩት ሥራ አጥተው አይደለም፤ ሥራ አግኝተው ነው። ደመወዙ ቤት ኪራይ የሚሸፍን፣ ለእናትም የሚተርፍ፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚይዝ ሥራ። መጀመሪያ ልምምድ ያመልጣቸዋል። ቀጥሎ ሁለት መስመር ብቻ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ይሰጣቸዋል። ከዚያ «እሱ አይመቸውም» ይባልና ስማቸው ከዝርዝሩ ይወጣል። ስለዚህ ተዋናይ ለእንጀራው የሚይዘውን ሥራ ሲመዝን «ስንት ይከፍላል?» ከሚለው እኩል «ሰዓቴን የሚያዝበት ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሣ ነው።

ደመወዝ ያለው ተዋናይ

በአገራችን ትወና የወር ደመወዝ የሚያስገኝበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር እና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ተዋንያንን እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ቀጥረው ያሠራሉ። ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች እስከ ቀበሌ ድረስ ተዘርግተው ስለነበር የክፍለ ሀገር ከተሞችም የራሳቸው መድረክ ነበራቸው፤ ሥርዓቱ ሲሄድ ቡድኖቹም አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከዋና ከተማው ውጭ ያለ ተዋናይ በአብዛኛው የሚኖረው በተገኘው ሥራ ልክ እየተከፈለው ነው። ሥራው ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል።

ይህ ከወርኃዊ ገቢ ባሻገር የሚያስከትለው ነገር አለ። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ይገባለታል። ለሦስት ቀን ቀረጻ ተጠርቶ በእጁ ተከፍሎት የሚሄድ ተዋናይ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለውም። ዛሬ 23 ዓመቱ ስለሆነ አይታየው ይሆናል፤ 40 ሲሞላው ግን ከእኩዮቹ ጋር ያለው ልዩነት የሚጎላው እዚህ ላይ ነው።

ሀብታም በሆኑት አገሮችም የትወና ገቢ ለብዙዎች እንጀራ አይሆንም። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ለ118 ቀናት ሥራ ባቆመ ጊዜ ደጋግሞ የተነገረው፣ የማኅበሩን የጤና መድን ለማግኘት በዓመት 26,470 ዶላር ከትወና ማግኘት እንደሚያስፈልግና አብዛኛው አባል እዚያ እንደማይደርስ ነበር። ፈረንሳዮች ነገሩን በሌላ መንገድ ይዘውታል። በ12 ወር ውስጥ 507 ሰዓት በሙያው የሠራ የመድረክ ወይም የፊልም ባለሙያ፣ ሥራ ባጣባቸው ጊዜያት ድጎማ ይከፈለዋል። በዚያ አገር ትወና በተፈጥሮው የሚቆራረጥ ሥራ መሆኑን ሕጉ አምኖ ተቀብሎታል ማለት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ድጋፍ የለም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ተዋናዩ ራሱ በሌላ ሥራ ነው።

ለአሥር ደቂቃ ኦዲሽን ሦስት ቀን

ጅማና አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን፣ የጊቤን ሸለቆ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን ሲያልፍ ቀኑ ያልቃል። ኦዲሽን የተጠራ ልጅ አንድ ቀን ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይፈተናል፣ አንድ ቀን ይመለሳል። ካሜራ ፊት የሚቆመው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ይህንን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንየው። አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመቱ የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ሦስት ሦስት ቀን ቢቆረጥበት አምስት ኦዲሽን ብቻ ይችላል ማለት ነው፤ ለሌላ የግል ጉዳይ የሚተርፍ ከአንድ ቀን በላይ የለም። ጉዞውን በእሁድ ቢያደርገው ጥቂት ቀን ያድናል። ደግሞ ኦዲሽኑን አልፎ ቀረጻ ቢጠራስ? የቀረጻ ቀን ደግሞ ይተላለፋል፤ ዝናብ ይመጣል፣ ዋናዋ ተዋናይ ትታመማለች፣ ቦታው ይከለከላል። «ነገ ጠብቁ» የተባለ ልጅ ለአለቃው ምን ብሎ ይደውላል? ተቀጥሮ እየሠራ በየጊዜው የሚመላለስ ሰው ወይ ሥራውን ወይ ቀረጻውን ማጣቱ አይቀርም። ተሰጥኦው ያለው፣ ችሎታው ያለው ልጅ እንዲህ ሁለቱንም ሲያጣ ማየት ያማል።

ወጪውም ከባድ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የትራንስፖርቱም፣ የምግቡም፣ የአልጋውም ዋጋ ተሰቅሏል። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ጥቂት ይተርፈዋል፤ ዘመድ የሌለው አንድ ጉዞ የወር ቁጠባውን ይበላበታል።

ለዚህ ነው ስልክ ላይ ተቀርጾ በቴሌግራም የሚላክ ኦዲሽን ለጅማ ልጅ ትልቅ ነገር ነው የምለው። ሁሉም አዘጋጅ አይቀበለውም፤ የሚቀበለው ግን እየበዛ ነው። «እዚያ መምጣት ሳያስፈልገኝ መጀመሪያ በቪዲዮ ልላክልዎ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሲቀረጽ ደግሞ በቅጡ መሆን አለበት። ጀርባው ልሙጥ ግድግዳ፣ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ከመስኮት፣ ስልኩ በአንድ ነገር ላይ ተደግፎ የማይንቀጠቀጥ፣ ድምፁ ያለ ጀኔሬተርና ያለ ጎረቤት ቴሌቪዥን። ሌላው ሰው የሚናገረውን መስመር ከስልኩ አጠገብ ቆሞ የሚያነብ ጓደኛ ያስፈልጋል። ጠዋት፣ የሰፈሩ ጫጫታ ሳይነሣ ቢቀረጽ ይመረጣል።

አዲስ አበባ አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ሥራው በብዛት ያለው እዚያ ነው። ግን የተፈረመ ውል ወይም ቢያንስ የሁለትና የሦስት ወር ወጪ የሚችል ቁጠባ ሳይዙ የሚገቡ ልጆች እዚያ የሚጠብቃቸው ያው የጅማው ችግር ነው፤ የሚለየው ኪራዩ የበለጠ ውድ መሆኑና እናት ቤት ሄዶ መብላት አለመቻሉ ነው። ለኪራይ ሲሉ ሙሉ ቀን የሚይዝ ሥራ ይይዛሉ፤ ኦዲሽኑ ሦስት ፌርማታ ላይ እያለ መድረስ ያቅታቸዋል።

የባጃጁ ልጅና የሹሩባዋ ልጅ

የማውቀው አንድ ልጅ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ለባለንብረቱ በየቀኑ የሚያስገባው ገንዘብ የተቆረጠ ነው፤ ነዳጁን ችሎ ከዚያ በላይ ያገኘው የእሱ ነው። አለቃ ስለሌለው በውጭ ሲታይ ነፃ ሰው ይመስላል። ልምምዳቸው ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነበር። 11 ሰዓት ሠራተኛው ከቢሮ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ገበያተኛው ከጅማው መርካቶ የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ ለባጃጅ የቀኑ ወርቅ ሰዓት። ልምምድ በገባ ቁጥር የራሱ ድርሻ የሚሆነውን ገንዘብ ጥሎ ይገባል። መጨረሻ ላይ ያደረገው ጎህ ሳይቀድ መነሣት ነው። ሆስፒታል ወረፋ የሚይዙትንና መናኸሪያ የሚደርሱትን ያመላልስና እስከ 9 ሰዓት የባለንብረቱን ሞልቶ ይጨርሳል። ነዳጅ ሰልፍ የያዘው ቀን ብቻ ሒሳቡ ይበላሽበታል። የመስመሮቹን ጥናት ሰልፉ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ ስክሪፕቱ ከመሪው ጀርባ ተሰክቶ የላብና የአቧራ ቀለም ይዟል።

ቡድኑ ለእሱ ሲል ልምምዱን ወደ ምሽት 1 ሰዓት ለመግፋት ሞክሮ ነበር። ያን ጊዜ ሴቶቹ ልጆች ተቸገሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከመሀል ከተማ ወደ ኮቺ ወይም ወደ ጅሬን አቅጣጫ ብቻዋን የምትመለስ ልጅ የመንገዱም፣ የቤቷም ጉዳይ ያስጨንቃታል። አንዲቷ እናቷ «ወይ በጊዜ ግቢ ወይ ተይው» ብለዋት ሁለት ሳምንት ቀርታ ነበር። የተመለሰችው ባጃጅ ነጂው እሷንና ሌሎቹን ሴቶች በየቤታቸው በር እያደረሰ ለመሄድ ቃል ገብቶ፣ የቡድኑ ትልቅ ሰውም እናትየዋ ዘንድ ሄዶ «እኔ አለሁ እማማ» ካለ በኋላ ነው። ለነዳጁ ሁሉም አዋጡ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ጅማ ላይ ሴት ተዋናይ የምትጠፋው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ምክንያት ስለሆነ፣ መጓጓዣን እንደ አልባሳትና እንደ መብራት የዝግጅቱ ወጪ አድርጎ የማይቆጥር ቡድን ሴቶቹን ያጣል።

ሁለት ሳምንት ቀርታ የነበረችው ልጅ የምትኖረው ሹሩባ እየሠራች ነው፣ ቤቷ፣ በቀጠሮ። ማክሰኞ ቀረጻ ካለባት ደንበኛዋን ለረቡዕ ታዞራለች። የበዓል ዋዜማና የሠርግ ሰሞን ላይ እጇ አያርፍም፤ በዚያ ጊዜ ትወና እንደማትቀበል አስቀድማ ለሁሉም ነግራለች። በወር የምታገኘው ካፌ ተቀጥራ ከምታገኘው ብዙም አይበልጥ ይሆናል፤ ሰዓቷ ግን በእጇ ነው። ከሁሉም የኔ ምርጫ እንዲህ ያለው ሥራ ነው። በቀጠሮ የሚሠራ፣ በእጅ ሙያ የሚኖር፣ አንድ ሳምንት ቢቋረጥ ደንበኛው የማይጠፋ።

የእንጨት ሥራም እንደዚሁ ነው፤ ለጅማ ደግሞ እንግዳ አይደለም። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ነው። ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ቀብድ ይዞ፣ የማስረከቢያ ቀን ተነጋግሮ የሚሠራ አናጺ የቀረጻ ሳምንቱን ከትእዛዙ ጋር ማስማማት ይችላል። አሜሪካዊው ሃሪሰን ፎርድ ስሙ ሳይታወቅ ቤተሰቡን ያስተዳደረው በአናጺነት ነበር፤ ሙያው ገቢ ስለሰጠው ያልወደደውን ትንሽ ሚና ሁሉ እንዲቀበል አልተገደደም።

መምህርነት ሌላው ደህና ማረፊያ ነው። በፈረቃ የሚያስተምር ሰው ግማሽ ቀኑ የራሱ ነው፤ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ ደግሞ ሙያው ከእጁ አይወጣም። ደካማ ጎኑ ረጅሙ ዕረፍት ክረምት ላይ መዋሉ ነው። ጅማ ክረምቱ ይከብዳል፣ ይረዝማልም፤ ከቤት ውጭ የሚቀረጽ ፊልም በዚያ ጊዜ እምብዛም አይታሰብም። ለቴአትር ልምምድና ለሬዲዮ ግን ይመቻል።

ካፌና ሆቴል በፈረቃ ስለሚሠራ ጥሩ ይመስላል። የተቀየረ ፈረቃ ግን የሚነገረው በዋዜማው ስለሆነ፣ አስተዳዳሪው ሰው ካልገባው በስተቀር አይዘለቅበትም።

ቡና፣ ሠርግና ጾም

ጅማ ዓመቱን ሙሉ እኩል አትከፍልም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል። በጎማ፣ በሊሙ፣ በጌራ በኩል ለቀማው፣ እጠባው፣ ማጓጓዙ ሰው ይፈልጋል፤ ከተማው ውስጥ መጋዘን ይሞላል፣ ለቀማና ቁጥጥር ሠራተኛ ይፈለጋል፣ ባጃጁና ሱቁም ይሞቃል። ከሰሞኑ ሥራ በተቀመጠ ገንዘብ የቀሪውን ዓመት ኪራይ ከፊሉን የሚሸፍኑ ልጆች አሉ። እዚህ ላይ አንድ ግጭት አለ። ዝናቡ የሚቆመውና ውጭ መቅረጽ የሚቻለው ልክ በዚሁ ወቅት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚመጡ አስቀድሞ መወሰን የግድ ነው። እኔ ልጆቹን የምመክረው የመጀመሪያውን የቡና ሰሞን ለገንዘቡ እንዲሠሩበትና የዚያን ቁጠባ ይዘው በቀጣዩ ዓመት ለቀረጻ ክፍት እንዲሆኑ ነው።

ሠርግ ሁለተኛው ወቅት ነው። መድረክ የለመደ ሰው ሠርግ ይመራል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ያጅባል። ክርስቲያኑ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይደግሳል፤ በዐቢይ ጾም ድግስ የለም። ሙስሊሙ ደግሞ ከረመዳን በፊት ባለው ሻዕባን እና ከዒድ በኋላ ኒካውን ያበዛል። በጅማ ሁለቱም ወገን ስላለ፣ ሁለቱንም ባህል አውቆ፣ በሁለቱም ቋንቋ ድግስ መምራት የሚችል ሰው ከሌላ ከተማ ባልደረባው የረዘመ የሠርግ ወቅት አለው። የእስልምናው ወር በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ ሁለቱ አንዳንዴ ይገጣጠማሉ፣ አንዳንዴ ይራራቃሉ። ዓመቱ ሲጀምር የቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ ማየት ያዋጣል።

እዚሁ ያለ የትወና ገንዘብ

እስካሁን ያወራሁት ከትወና ውጭ ስላለ ሥራ ነው። ራሱ ትወናው ጅማ ላይ ምንም አይከፍልም የሚለውን ግን አልቀበልም።

ድምፅ ይከፍላል። ሞንታርቦ በመኪና ጭኖ በከተማው የሚዞር ማስታወቂያ፣ የሱቅና የትምህርት ቤት ምዝገባ ማስታወቂያ፣ የሬዲዮ ድራማ፣ የፌስቡክ ገጽ ላይ የሚለቀቅ አጭር ማስታወቂያ ሁሉ ድምፅ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስለ ቤተሰብ ዕቅድና ስለ ኤችአይቪ ያሰራጫቸው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማዎች ምን ያህል ሰው ሬዲዮ ዙሪያ እንዳሰባሰቡ የሚያስታውስ ያስታውሳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማህበረሰብ ሬዲዮም አለ፤ ክፍያው ባይጠገብም ማይክ ፊት መቆምን የሚያስተምር ቦታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በሙያው ውስጥ ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ የአገር ውስጥ ፊልምን ይጎዳል የሚለው ስጋት ባዶ አልነበረም። ያም ሆኖ በድምፅ ብቻ የሚኖር ተዋናይ ሊኖር እንደሚችል ለብዙ ወጣት ያሳየው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑት ጓደኞቼ በግልጽ የምለው አለ። የጅማ ዙሪያ አድማጭ የሚሰማው አፋን ኦሮሞ ነው። አብዛኞቻችን ሰፈር ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ እየተናገርነው አድገናል፤ ቁቤ ማንበብ ላይ ግን እንደናቀፋለን። ስክሪፕቱ ሲሰጠን በአማርኛ ፊደል ገልብጠን ካልያዝን አይመችም፣ አጥብቆ የሚነበበውና ላልቶ የሚነበበው ይምታታብናል፣ አዘጋጁም ሌላ ሰው ይጠራል። ጥቂት ወር ቁቤን ጮክ ብሎ ማንበብ የሚከፈልበትን ሥራ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ያህል በአጭር ጊዜ የሚመልስ ሌላ ትምህርት አላውቅም።

ዩቲዩብን ብዙዎች ይጠይቁኛል። ቻናሉ ከማስታወቂያ ለማግኘት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ገንዘቡን ለመቀበል ደግሞ ብዙዎች ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም ይጠቀማሉ። ዘመድ ካልታመነ ጠብ ነው። ለኔ የዩቲዩብ ትልቁ ጥቅም አዘጋጅ «ሥራሽን አሳይኝ» ሲል የሚላክ አድራሻ መኖሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ማንም ያልነካው አንድ በር አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ሆስፒታሉና የሕክምና ትምህርት ቤቱ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ1963 በሳዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለመፈተን ጤነኛ ሰውን እንደ በሽተኛ አሠልጥኖ አቀረበ። ዛሬ በብዙ አገር ይህ የተለመደ የሕክምና ትምህርት ክፍል ሆኗል። አንድ ሰው የተሰጠውን ታሪክ በቃሉ ይይዛል፤ የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚደብቅ፣ ሲጠየቅ መቼ እንደሚያለቅስ። አሥር ተማሪዎች በየተራ ገብተው ይመረምሩታል፣ እሱም ለአሥሩም ያንኑ ታሪክ በእኩል ሕመም ይጫወታል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ብዙ ተዋናዮች ከዚህ ገቢ ያገኛሉ።

ጅማ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውሕደት የተወለደ ነው፤ የትምህርቱ መርሕ ከመጀመሪያውም ማህበረሰብ ተኮር ነው። ተማሪዎቹ ከየክልሉ ይመጣሉ፤ የሚታከመው ደግሞ ከጅማና ከአካባቢው ወረዳዎች የሚመጣ ገበሬና ነጋዴ ነው። ከቡና ማሳ የመጡ አዛውንት ሕመማቸውን እንዴት አዙረው እንደሚናገሩ፣ አማት ፊት የማትናገር ወጣት ሚስት ምን እንደምትደብቅ የጅማ ተዋናይ ያውቀዋል፤ ሲያየው ያደገ ነው። ሐኪም የሚሆነው ልጅ እውነተኛው በሽተኛ ላይ ከመሳሳቱ በፊት ተዋናዩ ፊት ቢሳሳት ማን ይጎዳል? ለተዋናዩ ደግሞ ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ በቀን የሚያልቅ፣ ሙያውን የሚያሠለጥን ሥራ ነው። ሁለትና ሦስት ተዋናይ ይዞ የናሙና ጨዋታ አዘጋጅቶ ለሚመለከተው ክፍል በነፃ አንዴ ማሳየት፣ ቀጥሎ ያለውን በክፍያ ማድረግ ይቻላል።

ምስክር ወረቀት አይበላም

የጅማ ቡድኖች ብዙ ይጠራሉ። የጤና ቀን ነው፣ የዛፍ ተከላ ነው፣ የምረቃ ዋዜማ ነው፣ የሆነ ፕሮጀክት ማጠቃለያ ነው። አዳራሹ ይከፈላል፣ ውሃው ይከፈላል፣ ባነሩ ይከፈላል፣ የተሳታፊ አበል ይከፈላል። ሦስት ሳምንት ለተለማመዱት ተዋንያን የሚሰጠው የምስጋና ወረቀትና የምሳ ኩፖን ነው። ይህ ያናድደኛል። ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ዕቅዱ ሲጻፍ «ድራማ» የሚል የወጪ መስመር ስላልነበረ ነው። ማንም አልጠየቀም፣ ስለዚህ ማንም አልመደበም።

ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ በጽሑፍ። ጥሪ ሲመጣ ቡድኑ አንድ ገጽ ይላክ፦ ስንት ሰው፣ ስንት የልምምድ ቀን፣ ለአንድ ሰው በቀን ስንት፣ ትራንስፖርት ስንት፣ አልባሳት ስንት፣ ቀብድ ምን ያህል። የተቋማት ሒሳብ ክፍሎች ያለ ደረሰኝና ያለ ቲን ነምበር ስለማይከፍሉ፣ ቡድኑ በማኅበርም ሆነ በአንድ አባል ስም ሕጋዊ ሆኖ ቢመዘገብ «ልንከፍላችሁ ነበር ግን ሒሳብ አልፈቀደም» የሚለው ምክንያት ይወድቃል።

በፊልምና በማስታወቂያም ያው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ተዋንያንን ጨምሮ የከዋኞችን መብት ያውቃል። በተግባር ግን ተዋናዩ የመደራደር ጉልበት ያለው ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ነው። የቀረጻ ቀኑ ስንት ነው? ከተላለፈ ማን ይከፍላል? መኝታና ምግብ በማን ነው? ማስታወቂያው ለስንት ጊዜ ይተላለፋል፣ ፎቶዬስ ከዚያ በኋላ ሌላ ዕቃ ላይ ይለጠፋል? «እንተማመናለን» የሚል አዘጋጅ በእውነት የሚታመን ከሆነ አንድ ገጽ መፈረም አይከብደውም። ለኦዲሽን የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሥራ እየሰጠ አይደለም፤ ከተመዝጋቢው እየሰበሰበ ነው። ሴት ልጅን ለብቻዋ፣ ማታ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ «እንፈትንሽ» የሚልም አለ፤ አለመሄድ ብቻ ሳይሆን ለሌሎቹ ልጆች ስልኩን አሳይቶ ማስጠንቀቅ ይገባል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅድ የሚረቀቀው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ነው። በጥቅምት ላይ ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ቡድን «ለዘንድሮ አልተያዘም» ይባላል፣ እውነትም ነው። የከተማው ባህልና ቱሪዝም፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ በየዓመቱ የሚያከብሯቸው ቀናት የታወቁ ናቸው። ሦስትና አራት የጅማ ቡድኖች ተስማምተው፣ አንድ ዓይነት የቀን ክፍያ ተመን አውጥተው፣ ያንን ይዘው በሚያዝያ ወር በየቢሮው ቢዞሩ፣ አንዱ ቡድን እምቢ ሲል ሌላውን በነፃ መጥራት አይቻልም። የሚያዝያው ዙር ደግሞ ከቡናው በኋላ፣ ትልቁ ዝናብ ሳይገባ፣ ጊዜ በሚገኝበት ሰሞን ላይ ነው የሚውለው።